የላክህልኝ ግድግዳ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም በሲሚንቶው አቧራ ታመካኛለህ? አባባስ እንደምን ናቸው? እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? እህል ይቀምሳሉ ወይስ አክስታችን ከፊታቸው ቆማ ካላስገደደቻቸው እንቢ ነው? የእሷስ ጉልበት እንዴት ሆነ? ድመቷስ ወለደች? አንድ በአንድ መልስልኝ እንጂ «ሁላችንም ደህና ነን» በምትል አንድ መስመር እንዳትገላገለኝ። እንደዚያ ስትጽፍልኝ ማንም ማንንም እንዳልጠየቀ ይገባኛል።

እኔ አካሌ ደህና ነው። አልረጋ ያለው ልቤ ነው። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ሻይ አፍልቼ ሳልጠጣው ቀዝቅዟል፣ መስኮቱን ከፍቼ መልሼ ዘግቻለሁ፣ ወንበሩን ከግድግዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ግድግዳው አዛውሬአለሁ። የቤቱ ባለቤት ከእኔ በታች ነው የምትኖረው። ትናንት ደረጃ ላይ ይዛኝ «ልጄ፣ እላይ ቤት ፈረስ አስገብተሻል እንዴ?» አለችኝ። እየተራመድኩ ነው የማስበው አልኳት። «እንግዲያው ጫማሽን አውልቀሽ አስቢ» ብላኝ ገባች። አሁን በካልሲ ነው የምቁነጠነጠው።

ምን እንደሚያቁነጠንጠኝ ታውቃለህ። በመጨረሻው ደብዳቤህ «እህቴ፣ ና በይኝና ልምጣ፣ ተው በይኝና ልተው፤ መሃል ላይ አታንጠልጥይኝ» ብለህ ጽፈሃል። ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔው ነኝ። እኛ ዘንድ አንድ ሠራተኛ እንደሚፈለግ፣ ስለ አንተ ለአለቃዬ እንደነገርኩት፣ እሱም «ስሙን አምጪ» እንዳለኝ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። ቦታው ክፍት የሚቆየው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ወይ ና ወይ ተው ማለት አለብኝ። ከዚያ በፊት ግን የሰሞኑን ነገር ላውራህ፤ አፌ ላይ የነበረውን መልስ ያበላሸብኝ እሱ ነው።

ሥራዬን ለአክስቴ ስንት ጊዜ እንዳስረዳኋት አንተ ምስክር ነህ። ባለፈው በስልክ ደግሞ «እሺ፣ ቤቱ የት ነው?» አለችኝ። የትም የለም አልኳት። «ማን ይኖርበታል?» ማንም። «ታዲያ ለማን ብለሽ ነው ግድግዳ የምታለብሺው?» አለችና መልሴን ሳትሰማ ስለ ሽንኩርት ማውራት ጀመረች። አንተ በደንብ እንድትነግራት ደግሜ ልጻፈው።

ድርጅታችን በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ከተማ ይሠራል። ሰዎች ቤታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ትልቅ መነጽር የመሰለ ነገር ዓይናቸው ላይ አድርገው በጎዳናው ይዘዋወራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ከሩቅ ወዳጅ ጋር ይገናኛሉ። ሕንፃዎቹን የሚያቆሙት ሌሎች ናቸው። ለእኔ ሲደርሱ እርቃናቸውን የቆሙ ግራጫ ሣጥኖች ናቸው፤ የእኔ ሥራ ማልበስ ነው። የእውነት ግድግዳ ፎቶ አነሣለሁ፣ ከፎቶው አራት ማዕዘን ቁራጭ እቆርጣለሁ፣ የቁራጩን ጠርዝ ከጠርዙ ጋር እንዲገጥም አድርጌ ጎን ለጎን እየደጋገምኩ ሕንፃውን ከእግሩ እስከ አናቱ እሸፍነዋለሁ። ቁራጩን ልባስ ነው የምንለው። ከአባባ የልስን ሥራ ሸሽቼ ወጣሁ ስል ይኸው ግድግዳ ላይ ነኝ፤ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። አባባ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ እንደሚተርቡኝ አውቃለሁ፤ ይተርቡኝ።

ትንሽ ቤት ማልበስ ቀላል ነው፤ መከራው ትልቅ ሕንፃ ነው። ቁራጩን ለጥጠህ ብታለብሰው የልስኑ አሸዋ ድንች ድንች ያክልና ያ ሁሉ ሕንፃ ተኮማትሮ የካርቶን ቤት ይመስላል። ሳትለጥጥ ብትደጋግመው ደግሞ ቁራጩ ላይ አንዲት ስንጥቅ ካለች ያቺው ስንጥቅ በየመስኮቱ ሥር ብቅ ትላለች። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከሕንፃው አጠገብ አንድ ግራጫ ሰው የምናቆመው። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፤ ቁመቱ ብቻ የሰው ቁመት ነው። እንግዳው እንለዋለን። የልስኑ ቅንጣት ከእንግዳው ጣት ጋር ሲተያይ ልክ ከሆነ ልባሱ ልክ ነው ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ስለምውል አንዳንዴ ደህና እደር ብዬው እወጣለሁ።

ሥራው ክፉ ዓመልም አስይዞኛል። መንገድ ላይ ሰው የሱቁን ዕቃ ሲያይ እኔ የሱቁን ግድግዳ አያለሁ። በቀደም አንድ ባንክ ጎን ያረጀ ልስን አይቼ ተጠግቼ በመዳፌ ስደባብስ ዘበኛው መጣና ምን ጠፍቶሽ ነው አለኝ። ግድግዳውን ወድጄው ነው አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይኼኛው ባለቤት አለው፣ ሌላ ፈልጊ» አለኝ። እየሳቅሁ ሄድኩ፤ ትንሽ ራቅ ስል ግን ሳቄ ጠፋ። ሰሞኑን ሳቄም እንደ እግሬ ነው፣ አንድ ቦታ አይቆይም።

አሁን የተሰጠኝ ከከተማው ሁሉ ትልቁ ሕንፃ ነው። በየትኛውም መንገድ ቀና ያለ ሰው እሱን ነው የሚያየው። ዕድሜ የጠገበ፣ ሰው የኖረበት መኖሪያ ቤት እንዲመስል ነው የተፈለገው፤ ከላይ እስከ ታች ልስን። ልስን ሲሉኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። በሰፈሬ ያለውን ግድግዳ ሁሉ ፎቶ አነሣሁ፤ አንዱ ቀለም በዝቶበታል፣ አንዱ ማሽን የረጨው ነው፣ ነፍስ የለውም። ያኔ ነው የባለሱቋን አዲስ ቤት ግድግዳ አንሥተህ ላክልኝ ያልኩህ። ላክህልኝ። አብረህ የጻፍከውን በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «አባባ ብቻቸውን የጨረሱት ነው፤ እኔ አሸዋ ከመንፋት በቀር እጄን አላስገባሁበትም።»

ፎቶውን ስከፍተው ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ማለስለሻው ያለፈበት ሁሉ ቀጭን ቅስት ትቷል፤ ግድግዳው ለስላሳ ነው፣ ግን የሰው እጅ እንደዳሰሰው ያስታውቃል። ቆረጥኩት፣ አገጣጠምኩት፣ ሕንፃውን አለበስኩት። ከእንግዳው ጎን ቆሜ ከቅርብ ስመለከተው እንከን አጣሁለት። የአባባ እጅ ከከተማው ሁሉ በላይ ቆመ ብዬ ኮራሁ። በስልክም ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ሳል ያዛቸውና ስልኩን ለአክስቴ ሰጧት። እኔም ሳል ነው ብዬ አለፍኩት።

ዟሪው የምንለው ባልደረባ አለን። ሥራው መነጽሩን አድርጎ በከተማው ውስጥ መንከራተትና እንከን መልቀም ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ስለሚዞር ነው መሰለኝ ሁልጊዜ ይርበዋል። ሐሙስ ዕለት ዳቦ እያኘከ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣና «ትልቁ ሕንፃሽ እንደ መጋረጃ አበባ አወጣ» አለኝ። ከሥሩ ቆሜ አይቼዋለሁ፣ ምንም የለበትም አልኩት። «ከሥሩማ ምን ይታይሻል፣ ከወንዙ ማዶ ሆነሽ እዪው» አለኝ። መነጽሩን ተቀብዬ አደረግሁ፣ የኮምፒውተሩን ወንዝ በኮምፒውተሩ ድልድይ ተሻገርኩ፣ ዞር ብዬ ቀና አልኩ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ከቅርብ ያኮራኝ ቅስት ከአናት እስከ እግር እንደ ወታደር ተሰልፏል፤ አንድ ዓይነት ቅስት፣ ጫፉ ላይ አንድ ዓይነት ጭራ፣ ረድፍ በረድፍ።

ይህ የጀማሪ ስህተት ነው። አፍንጫዬን ግድግዳው ላይ ደቅኜ ስሠራ ሰነበትኩና ራቅ ብሎ ማየትን ረሳሁ። አፍሬ መነጽሩን ላወልቅ ስል ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ቅስቱ አላማረኝም። ማለቴ ያምራል፣ ግን የማውቀው አልሆነም።

የአባባን እጅ አንተም እኔም እናውቀዋለን። ከታች ከግራ ይነሣሉ፣ ወደ ላይ ወደ ቀኝ ይጠርጋሉ፣ ማለስለሻውን ሲያነሡ ጫፉ ላይ ትንሽ ጭራ ትቀራለች። ልጆች ሆነን ልስኑ ሳይደርቅ ያቺን ጭራ በጣታችን እየተከተልን ስንት ኩርኩም ቀምሰናል። የእኔ ሕንፃ ጭራ ግን በግራ በኩል ነበረች። ሁሉም ቅስት ከታች ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ላይ ወደ ግራ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። እኛ ድግግሞሹን ለመደበቅ አንዳንዴ ቁራጩን በመስታወት እንደሚታይ አድርገን እንገለብጠዋለን። ሳላስተውል ገልብጬው ይሆናል ብዬ ወደ መጀመሪያው ፎቶ ተመለስኩ። ፎቶው ጥግ ላይ የባለሱቋ የበር ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ ምንም አልተገለበጠም።

ወንድሜ፣ ግራኝ አንተ ነህ። ማንኪያውን ከግራ እጅህ እየነጠቁ በቀኝህ ሲያስጨብጡህ፣ ዞር ሲሉ መልሰህ በግራህ ስትይዝ ነው ያደግኸው። ያን ግድግዳ የለሰንከው አንተ ነህ። አንዲት የቀኝ እጅ ጭራ ባገኝ ብዬ ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር አሰስኩት፤ የለችም። ከዚያ በፊት የላክህልኝን ፎቶዎች ሁሉ አወጣሁ። የትምህርት ቤቱ አጥር የአባባ ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ሁሉ ያንተ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለእኔ የጠራልኝ በሥራ ቦታ፣ ዟሪው ዳቦውን እያኘከ አጠገቤ ቆሞ ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ስለ ገዛ ቤቴ የመጨረሻዋ ሰሚ እኔ መሆኔ አንገበገበኝ። ቀጥሎ ኮራሁ፤ ልስንህ የአባባን ያስከነዳል፣ ይቆጡኝ እንጂ እሳቸውም ያውቁታል። ከዚያ የመጣው ፍርሃት ነው፣ እሱ ደግሞ እስካሁን አልለቀቀኝም። አባባ ማለስለሻቸውን ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ትኩሳት እያንቀጠቀጣቸው ግድግዳ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። ምን አገኛቸው? እጃቸው አልታጠፍ አላቸው? አልጨብጥ አላቸው? በየሳምንቱ በስልክ «ዛሬም ግድግዳ ላይ ዋልኩ» የሚሉኝ ከሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንተን ሲያዩ ውለው ነው?

ከዚያ ያደረግሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቁልፍ ብጫን ቅስቱ ይገለበጣል፤ የግራው ቀኝ ይሆናል። ተጫንኩት። ያ ሁሉ ሕንፃ ባንድ አፍታ የአባባ እጅ የለሰነው መሰለ። ጭራዋም እዚያ በለመድኳት ቦታ ላይ ነበረች። አፌን በመዳፌ ይዤ ትንሽ አየሁትና መልሼ ወደ ነበረበት ገለበጥኩት። አልቻልኩም። ውሸት ከእናንተ ሲመጣ ቻልኩት፣ በገዛ እጄ ልጨምርበት ግን አልፈለግሁም።

ነገሩን ያወሳሰበው አለቃዬ ነው። ብዙ የማይናገር፣ ሲያመሰግን እንኳ ሞት ሊያረዳ የመጣ የሚመስል ሰው ነው። ዓርብ ጠዋት መጣ። ስለ ሰልፉ ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ያንተን ፎቶ አስፍቶ ቅስቶቹን አንድ በአንድ አየ። «ድግግሞሹን አስተካክዪ፣ ልስኑን ግን እንዳትነኪው» አለኝ። ቀጥሎ የማን እጅ ነው አለኝ። የአባቴ ልል አፌን ከፍቼ የወንድሜ አልኩ። «ያ ስሙን አምጪ ያልኩሽ ወንድምሽ? ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ይምጣ እንጂ» አለኝ። ለማንም እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ ጠረጴዛ ላይ እወጣ ነበር። ዓርብ ግን ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ ቆምኩ።

ሳላውቅ ብቀር ኖሮ ዛሬ ና ብዬህ ነበር። አባባ ሥራቸው ላይ ናቸው፣ አክስቴ አጠገባቸው አለች ብዬ፣ ልቤን አሳርፌ። አንተም የፈለግኸው ይህንኑ ነው? ሌሊቱንም ቀኑንም ይህን ስጠይቅ ነበር። ከዚያ ያንን መስመርህን መልሼ ሳነበው የአባባ ድምፅ ሰማሁበት። አንተ አሸዋ ነፋሁ ብለህ ዝም የምትል ሰው አይደለህም፤ አሸዋውን፣ ወንፊቱን፣ የአሸዋውን ነጂ ሳይቀር ታማዋለህ። «እኔ ነኝ የጨረስኩት በላት፣ አለዚያ ና አትልህም» ብለው ያስጻፉህ እሳቸው ናቸው። እንድትሄድላቸው ነው የፈለጉት። አንተ ደግሞ እንቢ ማለቱ ከበደህ፣ መሄዱም ከበደህ፣ ሁሉንም ጠቅልለህ ለእኔ ላክኸው። ተሳስቼ ከሆነ አርመኝ።

እንግዲህ የአባባ ዓይን ፊደል አልይዝ ካላቸው ወዲህ ደብዳቤዬን ጮክ ብለህ የምታነበው አንተ ነህ። እዚህ ድረስ አንብበህ ከሆነ ሦስታችሁም አሁን እየተያያችሁ ነው። ዘልለህ ከሆነ አክስቴ ከፊትህ ላይ ነቅታብሃለች፤ ወረቀቱን መልስና ከዟሪው ጀምረህ አንብብላቸው። የሆድን በሆድ ይዞ መኖር ይብቃን። አፋችሁ ደህና ነን እያለ እኔ እዚህ በካልሲ ክፍሌ ውስጥ የምዞረው እስከ መቼ ነው?

መልሴ ይኸውልህ። ና አልልህም፣ ተውም አልልህም። ና ብልህ አባባን ከግድግዳው ሥር ብቻቸውን አስቀምጬ ነው፤ ተው ብልህ ያን የመሰለ እጅ አስሬ ነው። ሁለቱንም ከዚህ ሆኜ፣ ከወንዝ ማዶ፣ አልወስንም። እኔ እመጣለሁ። ትናንት ከሥራ ስንወጣ አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅሁት። ሕንፃውን ጨርሰሽ ሂጂ፣ የወንድምሽን ቦታ እስክትመለሺ ለማንም አልሰጥም አለኝ። በወረቀት የለኝም፤ የዝምተኛ ሰው ቃል ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ስደርስ አራታችን እንቀመጣለን። ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል፣ ፊት ለፊት እንነጋገራለን። ምናልባት አንተ ትሄድና የምቀረው እኔ እሆናለሁ። ይህን ስጽፍ ፈራሁ፣ ግን አልሰረዝኩትም።

ሕንፃው ቶሎ እንዲያልቅልኝ አንተም እርዳኝ። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ ቁራጭ አይለበስም፤ ሰልፉ የሚጠፋው ብዙ የተለያየ ቁራጭ እያፈራረቅሁ ሳለብሰው፣ ከየመስኮቱ ሥር የዝናብ መውረጃ፣ ከታች ደግሞ የእግረኛ ትከሻ ያሻሸውን እድፍ ስጨምርበት ነው። ስለዚህ ከለሰንካቸው ቤቶች ሁሉ፣ ከአንድ ጥግ ብቻ ሳይሆን ከላይም ከታችም ከጀርባም፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ፎቶ አንሣልኝ። አሁን ግን በእያንዳንዱ ላይ የማን እጅ እንደሆነ በትክክል ጻፍ።

ለአክስቴ ጉልበትሽን ስሜያለሁ ብላለች በላት፤ በስልክ ስታጭበረብረኝ እንደከረመች አውቄአለሁ፣ ስመጣ እንተሳሰባለን በላት፣ ግን አቅፌ ነው የምተሳሰባት። ለባለሱቋ ቤቷ በአየር ላይ እንደቆመ ንገራት፤ አታምንህም፣ ቢሆንም ንገራት። ድመቷ ወልዳ ከሆነ ከነልጆቿ ሳማት፤ ልጆቹን ለሰው አትስጡ፣ አንዱ የእኔ ነው። አንተ ራስህን ጠብቅ፤ አፍህንና አፍንጫህን ሳትሸፍን ሲሚንቶ እንዳታራግፍ።

አባባ፣ የቀረው ለእርስዎ ነው፤ ልጅዎ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ። ደብቀውኛል ብዬ አልተቀየምኩም። ለእሱ ብለው እንዳደረጉት አውቃለሁ። ይህንን ሁሉ ሰው የሚያደንቀውን ልስን ማን አስተማረው ሲሉኝ አባቴ እላለሁ፤ ይህ ከእርስዎ አይወሰድም። እመጣለሁ ስል ሥራዬን ጥዬ ነው ብለው እንዳይሰጉ፣ እንዳይቆጡም። በሩን ስገባ ማለስለሻውን ይዘው እንዲጠብቁኝም አልፈልግም። ተቀምጠው ይጠብቁኝ። አንድ ነገር ብቻ እስከዚያ መቆየት አልቻልኩም፤ ደህና ነው ብለው ሳይሆን፣ እንዳለ፣ የትኛው ጣት እንደሆነ ሳይቀር ይንገሩኝ።

አባባ፣ እጅዎ እንዴት ነው?

የምትወዳችሁ ልጃችሁና እህትህ

ከቤቱ ባለቤት በላይ ካለችው ክፍሌ፣
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 14 ቀን